ወደ ውስጥ ያዘመመ የውጭ ግድግዳ በሶፍትዌር ላይ እንዴት ይሠራል?

አዲስ ነዳፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ፎቅ የሌለው አንድ ትንሽ ቤት ስዊት ሆም ስሪዲ በሚባለው የቤት ንድፍ ፕሮግራም እየነደፍኩ ሳለ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ተቸንክሬ ቀርቻለሁ። ረጅሙ የውጭ ግድግዳ 8 ሜትር ርዝመት፣ 3 ሜትር ቁመትና 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሲሆን፣ ከቱንቢው፣ ማለትም ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከሚወርደው መስመር፣ 15 ዲግሪ ወደ ውስጥ ያዘመመ እንዲሆን እፈልጋለሁ። በሁለቱም ጫፎቹ የሚገጥሙት የጎን ግድግዳዎች ግን እንደማንኛውም ግድግዳ ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው።

በግድግዳ ማስተካከያው ውስጥ «ተዳፋት ግድግዳ» እንደማለት ያለ ምርጫ አግኝቼ በደስታ ብመርጠው፣ የጠየቀኝ ዲግሪ ሳይሆን ግድግዳው በመጨረሻው ጫፍ ላይ የሚኖረውን ቁመት ነው። የወጣልኝም በአንድ በኩል ረጅም፣ በሌላ በኩል አጭር የሆነ፣ ነገር ግን ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ምርጫውን ትቼ ከዕቃዎቹ ዝርዝር አንድ ሣጥን አወጣሁና በግድግዳው ልክ ለጥጬ 15 ዲግሪ አዘነበልኩት። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ቀረብ ሲሉ ግን የውጭ ግርጌው ከወለሉ ተነሥቶ በሥሩ ብርሃን ያሳያል፤ መስኮት ሳስቀምጥበትም መስኮቱ ፊቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል እንጂ ሣጥኑን አይበሳውም። ይህን የሠራችሁ ካላችሁ መንገዱን ብታሳዩኝ።

ቱንቢ

ችግሩ ከፕሮግራሙ በፊት ከቃሉ የጀመረ ይመስለኛል። «ተዳፋት ግድግዳ» ሲባል ሰዎች ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያስባሉ። አንደኛው የላይኛው ጠርዙ ብቻ የሚያዘቀዝቅ፣ አካሉ ግን ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው፤ በአንድ በኩል ከፍ፣ በሌላ በኩል ዝቅ ያለ ጣሪያን ተከትሎ የሚሄደው ግድግዳ እንዲህ ያለ ነው፣ እርስዎ ያገኙት ምርጫም የተዘጋጀው ለዚሁ ነው። ሁለተኛው የውጭና የውስጥ ፊቱ እኩል የሚያዘምምና ውፍረቱ ከታች እስከ ላይ የማይለወጥ ሲሆን፣ የእርስዎ ይህኛው ነው። ሦስተኛው ደግሞ የውስጥ ፊቱ ቀጥ ብሎ የውጭ ፊቱ ብቻ እየገባ የሚሄድ፣ ከሥሩ ወፍሮ ወደ ላይ የሚቀጥን ግድግዳ ነው። ይኸኛው በየ10 ሴንቲ ሜትር ቁመት 1 ሴንቲ ሜትር እየገባ ቢሄድ፣ የ3 ሜትር ግድግዳ ሥሩ ከአናቱ ይልቅ በ30 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል።

በስዊት ሆም ስሪዲ የግድግዳ መሣሪያ የሚገኘው የመጀመሪያው ብቻ ነው። መስኮትም የሚበሳው በዚያ መሣሪያ የተሣለ ግድግዳን ብቻ ነው፤ የእርስዎ ሣጥን ለፕሮግራሙ እንደ ጠረጴዛ ወይም እንደ አልጋ ያለ ዕቃ ስለሆነ፣ መስኮቱ ጠረጴዛ እንደማይበሳ ሁሉ እሱንም አይበሳውም። ስለዚህ ግድግዳውን ከነመስኮት ቀዳዳው በሌላ ፕሮግራም ሠርቶ፣ በኦቢጄ (የሦስት አውታር ቅርጽ በሚይዝ) ፋይል አውጥቶ፣ እንደ አንድ ዕቃ አስገብቶ በቦታው ማቆም ይሻላል።

ውሃ ልክ

ቱንቢ ባሉት እስማማለሁ። ሣጥኑ ከወለል ለምን እንደተነሣ ግን መናገር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ያው ስሕተት በሌላው ፕሮግራምም ይደገማል።

ሣጥኑን «ማዞር» እና «መግፋት» ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በውስጥ ግርጌው ላይ ተደግፎ 15 ዲግሪ ወደ ውስጥ የዞረ ሣጥን ታቹም አብሮ ስለሚዞር፣ የውጭ ግርጌው ወደ 7.8 ሴንቲ ሜትር ከወለል ይነሣል፤ 3 ሜትር የነበረው የውስጥ ጠርዙም 2.90 ሜትር ላይ ይቀራል። አናቱም ራሱ ያዘነበለ ስለሚሆን ጣሪያው በደንብ አይቀመጥበትም። መግፋት ግን ጠረጴዛ ላይ የተከመሩ ደብተሮችን ከላይ በእጅ ወደ ጎን እንደመግፋት ነው፤ የታችኛው ደብተር ከቦታው አይነቃነቅም፣ እያንዳንዱም ደብተር ጠፍጣፋ እንደሆነ ይቀራል፣ የክምሩም ቁመት አይቀንስም። የሚፈለገው ይህ ነው።

የሚገፋበት ርቀት ቁመቱ በ15 ዲግሪ ታንጀንት ተባዝቶ ይገኛል። ታንጀንቱ 0.268 ስለሆነ ለ3 ሜትር ቁመት 80.4 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። በብሌንደር የሣጥኑን አራት የላይኛ ነጥቦች ብቻ መርጦ «ጂ»፣ ቀጥሎ ግድግዳው በሚያዘምምበት አቅጣጫ «ኤክስ» ወይም «ዋይ»፣ ቀጥሎ 0.804 መጻፍ ይበቃል። በስኬችአፕ ደግሞ የሣጥኑን የላይኛ ፊት በማንቀሳቀሻ መሣሪያው ይዞ፣ በቀኝ ወይም በግራ ቀስት ቁልፍ አቅጣጫውን ከቆለፉ በኋላ ያንኑ ቁጥር መጻፍ ነው።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ሲገፋ ሳይለወጥ የሚቀረው በአግድም የሚለካው ውፍረት ነው። አግድሙ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ለግድግዳው ፊት ቀጤ ነክ በሆነ (ፊቱን በ90 ዲግሪ በሚያቋርጥ) መስመር ሲለካ 29 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ለሥዕል ብቻ ከሆነ ማንም አያየውም። ግድግዳው ብሎክ፣ የሙቀት መከላከያና የውጭ ልባስ እያለ በንብርብር የሚሠራ ከሆነ ግን አንዱ ንብርብር 1 ሴንቲ ሜትር አጥቷል ማለት ነው። እውነተኛው 30 እንዲገኝ ሣጥኑን ከመግፋትዎ በፊት ውፍረቱን 31.1 ያድርጉት።

ሰገነት

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይህን ሁሉ ልፋት በአንዲት ምርጫ የሚጨርሱ ፕሮግራሞች እያሉ ለምን ዕቃ አስመስሎ ማስገባት እንዳስፈለገ አልገባኝም። በአርኪካድ የግድግዳ ማስተካከያ ውስጥ ቀጥ ያለ፣ ያዘመመና ሁለቱም ፊቱ በየራሱ ዲግሪ የሚያዘም ግድግዳ እንደ ተራ ምርጫ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በሪቪትም ከ2021 እትም ጀምሮ ያዘመመ ግድግዳ፣ ከ2022 እትም ጀምሮ ደግሞ ከሥሩ ወፍሮ የሚቀጥን ግድግዳ አለ። ከዚያ በፊት የነበርን ሰዎች መጀመሪያ ድፍን ቅርጽ ሠርተን በቅርጹ ፊት ላይ ግድግዳውን እናለብስ ነበር፤ ያንን ዘመን መልሼ ማየት አልፈልግም።

ከዚህም በላይ፣ ሁለት ጎረቤት ግድግዳዎች አብረው ሲያዘሙ በእጅ የሚሠራው ዘዴ ያደናግራል። ሁለቱም 15 ዲግሪ ወደ ውስጥ ቢያዘሙ፣ የማዕዘኑ ጠርዝ የሚያዘመው 15 ዲግሪ አይደለም። ጠርዙ በሰያፍ ስለሚሄድ ከአናቱ 113.7 ሴንቲ ሜትር ይገባል፤ ይህም ከቱንቢው ወደ 20.8 ዲግሪ ነው። በፕላን ላይ 90 ዲግሪ ሆኖ የሚታየው መገናኛም በሁለቱ ፊቶች መካከል በትክክል ሲለካ 93.8 ዲግሪ ገደማ ነው። በ45 ዲግሪ የተቆረጠ የልባስ ሰሌዳ እዚያ ማዕዘን ላይ ገጥሞ አይዘጋም።

ውሃ ልክ

ሰገነት ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጠያቂው የሚሠሩት አንድ ግድግዳ ነው፣ ለአንድ ግድግዳ ሲባል አዲስ ፕሮግራም ከሀ እስከ ፐ መማር ከንቱ ድካም ነው። ማዕዘኑንም ቢሆን በስኬችአፕ ቀላል ማድረግ ይቻላል፤ የግድግዳውን ቁራጭ ገጽታ፣ ማለትም ያንን የተገፋ አራት ማዕዘን፣ በመንገዱ መነሻ ላይ ለመንገዱ ቀጤ ነክ አድርጎ ሥሎ፣ የቤቱን ዙሪያ መስመር እንዲከተል ማዘዝ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ማዕዘኑ ላይ ያጋጥመዋል፣ 20.8 የሚለውን ቁጥር ማስላትም አያስፈልግም።

ጣሪያ ሠሪ

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሁላችሁም ግድግዳ ናት ብላችሁ ስለተነሣችሁ እንጂ፣ ይህች ነገር ጣሪያ ናት። ከመሬት 75 ዲግሪ ቀና ያለ፣ ክፈፉ ወለል ላይ ያረፈ ጣሪያ። ያዘመመ ግድግዳ የማያውቁ አብዛኞቹ የቤት ንድፍ ፕሮግራሞች የጣሪያ ፊት በፈለጉት ተዳፋት መሥራት ያውቃሉ፤ የጣሪያ መስኮትም ጣሪያውን በትክክል ይበሳዋል። በአሠራርም ቢሆን እውነቱ እንዲሁ ነው። ወደ ውስጥ ያዘመመ የውጭ ፊት ዝናብ በቀጥታ የሚያርፍበት ስለሆነ ውሃን ማስተናገድ ያለበት እንደ ጣሪያ እንጂ እንደ ግድግዳ አይደለም። ሥዕሉ ላይ ግድግዳ ብሎ የሠየመው ሰው በኋላ ሥራው ላይም እንደ ግድግዳ ልስን ለስኖ ይተወዋል።

በዚህ መንገድ ለሚሄድ ሰው ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ሁለቱንም በራሴ ላይ ደርሶ ያየሁት ነው። መጀመሪያ፣ ግድግዳ የሚባለው ከቱንቢ ይለካል፣ ጣሪያ የሚባለው ከአግድም ይለካል። እኔ 75 መጻፍ ሲገባኝ 15 ጽፌ፣ ግድግዳዬ ሳሎኑን እንደ ድስት ክዳን ከድኖት አገኘሁት። ይህስ ወዲያው ስለሚታይ ምንም አይደለም። ሁለተኛው ነው ክፉው። አንዳንድ ፕሮግራሞች የጣሪያን ውፍረት የሚለኩት ለጣሪያው ፊት ቀጤ ነክ አድርገው ሳይሆን ከላይ ወደ ታች፣ በቱንቢ መስመር ነው። በዝቅተኛ ጣሪያ ላይ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በ75 ዲግሪ ግን 30 ሴንቲ ሜትር ብለው የጻፉት በትክክል ሲለካ 7.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ 30 እንዲሆን ከተፈለገ የሚጻፈው 116 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት ንድፉን ጨርሼ፣ ቁራጭ ሥዕሉን ለሥራ ባልደረባዬ ሳሳይ «ይህ ግድግዳ ነው ወይስ የበር ሳንቃ?» ሲለኝ ነው።

አዲስ ነዳፊ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በብሌንደር 31.1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሣጥን ሠርቼ፣ አራቱን የላይኛ ነጥቦች 0.804 ገፋሁና በኦቢጄ አውጥቼ አስገባሁት። የማስገቢያው ገጽ መጠኑን ሲያሳየኝ ጥልቀቱ 111.5 ሴንቲ ሜትር መሆኑን አረጋገጥኩ፤ 80.4 እና 31.1 ሲደመሩ የሚመጣው ነው። አሁን ግርጌው ወለሉን ይዟል፣ አናቱም ጠፍጣፋ ነው።

ሁለት ነገር ቀረኝ። የመስኮቱን ቀዳዳ ከመብሳቴ በፊት መስኮቱ ከግድግዳው ጋር አብሮ ያዘም ወይስ ቀጥ ብሎ ይቁም የሚለውን መወሰን አቃተኝ። በተጨማሪም የጎን ግድግዳዎቹ ቀጥ ብለው እስከ ውጭው ግርጌ ድረስ ስለመጡ፣ ያዘመመው ግድግዳ ወደ ውስጥ ሲገባ እነሱ በሁለቱም በኩል እንደ ጆሮ ሾለው ቀርተዋል። ውበት የላቸውም።

ሰገነት

ስለ መስኮቱ እኔ ልመልስ፤ ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው ሥዕሉን ከጨረሰ በኋላ የሚያነሣው ስለሆነ ቀድመው ማንሣትዎ ጥሩ ነው።

መስኮትዎ 1.2 ሜትር ቁመት አለው እንበል። በ15 ዲግሪ ያዘመመ ግድግዳ በ1.2 ሜትር ውስጥ 32 ሴንቲ ሜትር ይገባል። መስኮቱ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ከፈለጉ ይህ 32 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። የመስኮቱን ግርጌ ከግድግዳው የውጭ ፊት ጋር ካስተካከሉ፣ አናቱ በ32 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ብቅ ይላል፤ በላዩ ትንሽ ጣሪያ፣ በሁለት ጎኑም ባለ ሦስት ማዕዘን ጉንጮች ያስፈልጉታል። አናቱን ካስተካከሉ ደግሞ ግርጌው ወደ ውስጥ ይሰምጥና ከፊቱ 32 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ደረት ይፈጠራል። ያ ደረት ወደ ውጭ ካላዘቀዘቀ ውሃ የሚያቁር ገንዳ ነው። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ጉንጮቹን መሥራት ያደክማል እንጂ ውሃው የትም አይቆምም።

መስኮቱ አብሮ እንዲያዘም ከተፈለገ ሞዴሉ ይቀላል፣ ቀዳዳው ለግድግዳው ፊት ቀጤ ነክ ሆኖ ይበሳል፣ ጉንጭም ደረትም የለም። ነገር ግን የተራ ግድግዳ መስኮት ሳይሆን ለጣሪያ የተሠራ መስኮት መሆን ይኖርበታል፤ ጣሪያ ሠሪ የተናገሩት ዝናብ በመስታወቱም ላይ ያርፋልና። ተራ መስኮት በማጠፊያው ወደ ውጭ ሲከፈት ደግሞ በራሱ ክብደት ተመልሶ ይዘጋል ወይም ይወዛወዛል፤ በሶፍትዌሩ ውስጥ ግን ሲከፈት ፍጹም ሰላማዊ ነው። የማድሪድ ሁለቱ ተጋዳሚ ማማዎች፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቁት፣ እርስ በርሳቸው ያዘሙት ልክ እንደ እርስዎ ግድግዳ 15 ዲግሪ ነው፤ የመስታወት ልባሳቸውም ከሕንፃው ጋር አብሮ ያዘመመ ነው።

ባለ ቁም ሣጥን

አንድ ነገር ልጨምር፤ የቤት ዕቃ የሚያስቀምጥ ሰው ካልተናገረው የሚረሳ ነው። ሶፍትዌሩ ቁም ሣጥን ወደ ያዘመመ ግድግዳ ሲጠጋ «አልችልም» አይልም፤ ዝም ብሎ ግድግዳውን ሰንጥቆ እንዲገባ ይፈቅዳል። እውነተኛው 2 ሜትር ቁመት ያለው ቁም ሣጥን ግን አናቱ ግድግዳውን ሲነካ ግርጌው ከግድግዳው 53.6 ሴንቲ ሜትር ርቆ ነው የሚቆመው። ከኋላው የሚቀረው ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍት የአቧራ ማደሪያ ከመሆን በቀር ጥቅም የለውም።

የወለሉ ስፋትም እንዲሁ ያታልላል። ወለሉ ላይ ሲለካ ምንም አልጎደለም። በ1.8 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም በአንድ ረጅም ሰው ራስ አካባቢ፣ ግድግዳው 48 ሴንቲ ሜትር ገብቷል፤ በ8 ሜትር ርዝመት ሲባዛ ሰው ቀና ብሎ የማይቆምበት ወደ 3.9 ካሬ ሜትር ቦታ አለ። ስለዚህ ፕላኑ ላይ የግድግዳውን ግርጌ በድፍን መስመር፣ አናቱን በቆራጣ መስመር አድርገው ሁለቱንም ያሳዩ። ያስገቡት ዕቃ በፕላን ላይ የሚታየው ከላይ እንደታየ ስለሆነ፣ እንዲሁ ከተዉት የ111.5 ሴንቲ ሜትር ወፍራም ግድግዳ መስሎ ይነበባል።

ቱንቢ

አዲስ ነዳፊ፣ «ጆሮ» ብለው ስለጠሯቸው የጎን ግድግዳዎች ልመልስ። መጀመሪያ ያልሆነልዎትንና የተዉትን ምርጫ ያስታውሱታል? እሱን መልሰው ያምጡት።

የጎን ግድግዳውን ከጎን ሆነው ቢያዩት፣ መቆረጥ ያለበት የመጨረሻው 80.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ እሱም 3 ሜትር ቁመት ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። ስለዚህ ግድግዳውን ለሁለት ከፍለው መገጣጠሚያውን ከውጭው ጫፍ 80.4 ሴንቲ ሜትር ላይ ያድርጉት። ረጅሙን ክፍል እንዳለ ይተዉት። አጭሩን ክፍል ግን «ተዳፋት» አድርገው የመነሻ ቁመቱን 300፣ የመጨረሻ ቁመቱን ወደ 0 የቀረበ ቁጥር ይስጡት። አናቱ ከቤቱ ውስጥ ወደ ውጭው ግርጌ ሲያዘቀዝቅ ያዘመመውን ግድግዳ የውጭ ፊት ተከትሎ ይወርዳል።

አዲስ ነዳፊ

ሆኗል! በቀኝ በኩል ያለው በመጀመሪያ ሙከራ ገጠመ። በግራ በኩል ያለው ግን ተገልብጦ ከፍተኛው ጫፍ ወደ ውጭ ዞረብኝና ከጆሮ ወደ ቀንድ ተለወጠ፤ ግድግዳውን ከሣልኩበት አቅጣጫ የተነሣ መነሻና መጨረሻው ተቀያይረው ነበር። የግድግዳውን አቅጣጫ የሚገለብጠውን ትእዛዝ ስሰጠው ተስተካከለ። የመጨረሻ ቁመቱን 1 ሴንቲ ሜትር አድርጌዋለሁ፣ አይታይም።

መስኮቱን በተመለከተ አብሮ እንዲያዘም ወስኜ ቀዳዳውን በብሌንደር በሳሁት። ቁም ሣጥኑ ተቃራኒው ግድግዳ ጋር ሄዷል፤ በእሱ ቦታ ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ረጅም አግዳሚ ወንበር አስቀምጫለሁ፣ ከኋላው የሚቀረውም ክፍተት 12 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።